ስኳር ላለበት ባለቤቴ በሁዳዴ ምን ላቅርብለት? ጎተራችን እህል ብቻ ነው

የሜጫዋ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምጽፈው ከሜጫ ነው፤ ቀበሌያችን ከመራዊ ብዙ አትርቅም። አንድ ጥማድ በሬ፣ አንዲት የምትታለብ ላም፣ ጥቂት በጎችና ዶሮዎች አሉን። መሬታችን ሰፊ አይደለም። በክረምት በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ እናመርታለን። የቆጋ መስኖ ስለሚደርሰን በበጋ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን እንተክላለን። ጓሮዬ ውስጥ የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባና ጌሾ አለ። የተከልናቸው አቮካዶዎችም ፍሬ መስጠት ጀምረዋል።

ባለቤቴ ዓምና ስኳር ተገኘበት። እግሩን ያቃጥለው ነበር። ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል፤ ሲያርስ ደግሞ ገና በጠዋቱ ይዝላል። ሲመረመር በባዶ ሆዱ 243 ሆነ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዘዘለት። ስለ ምግብ የተነገረን ‹ጣፋጭ ቀንሱ› የሚል ብቻ ነው። እኛ ቤት ምን ጣፋጭ አለ? ሻይ በስኳር የሚፈላው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ኋላ የአጎቱ ልጅ ከባሕር ዳር የስኳር መለኪያ ገዝቶ ላከልን። ደም የሚነካበት ስትሪፑ (መለኪያው ላይ የሚሰካው ወረቀት) ውድ ስለሆነ ዝም ብለን አንለካም፤ አንድ ነገር መለየት ስንፈልግ ብቻ ነው። እንጀራ በሽሮ እንደልቡ በልቶ፣ ሁለት ሰዓት ቆይተን ስንለካ 271 አለ። ሌላ ቀን ያንኑ ሽሮ በማንኪያ፣ ጎመን በቅቤና ሁለት እንቁላል ጨምሬ፣ እንጀራውን ግን ሩብ ብቻ አድርጌ ሰጠሁት። 158 ሆነ። ያን ቀን ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ። ስኳሩን የሚያመጣው መሶቡ ላይ የምዘረጋው እንጀራ ኖሯል።

ግን በገበሬ ቤት እህል መቀነስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። እኛ የምንበላው እህሉን ነው። የምንሸጠው ደግሞ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ ዶሮውንና በጉን። የእሱን ስኳር የማያንረው ምግብ በሙሉ ገበያ የሚወጣው ነው። የእንቁላሉ ብር የልጆች ደብተር፣ ሳሙና፣ ጨውና ዘይት ነው። ቅቤው ደግሞ ድንገት ሰው ሲታመም መሳፈሪያ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት እንቁላል መጥበሻ ላይ በሰበርኩ ቁጥር ከገበያው ብር ላይ ቀነስኩ ማለት ነው። ለሱ ሲሆን አይቆጨኝም። ነገር ግን ቤቱ እንዳይናጋ ማሰብ አለብኝ።

ውሏችን እንዲህ ነው። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ተነስቼ ላሚቱን አልባለሁ። ወተቱ ቅሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ቅቤው ይወጣና አሬራውን ለብ አድርጌ አይብ አወጣለሁ። ባለቤቴ ድሮ ቁርሱ ቂጣ ወይም ፍርፍር ነበር። አሁን እንቁላል በቃሪያና በቅቤ፣ ከጎኑ ጎመን ይበላል። ከዚያ በሬዎቹን ይዞ ይወጣል። ምሳውን ማሳው ድረስ ወስድለታለሁ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ማሳ ላይ ወጥ የሚያዘውም የሚበላውም በእንጀራ ነው። አይብ በጎመን ክዳን ባለው ሳህን ይዤለት ሄድኩና በማንኪያ በላ። ከጎኑ የሚያርሱት ሰዎች ‹እንደ ሕፃን በማንኪያ ያበሉሃል?› አሉት። እሱ ግድ አልሰጠውም፣ እኔን ግን ከፋኝ። ደቦ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ሰው ጠርቶ እያሳጨደ አብሮ ካልቆረሰ፣ ጠላውንም ካልቀመሰ ያስቀይማል።

አሁን ሁዳዴ ደረሰ። 55 ቀን እንቁላሉ፣ ቅቤውና አይቡ ባንድ ጊዜ ይወጣሉ። የሚቀረው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ንፍሮ፣ ቆሎና በሶ ነው። የንስሐ አባታችንን አማከርን። ‹ሕመምተኛ ነህ፤ በሰዓቱ ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፤ ቢያስፈልግህ የፍስክም ብላ› ብለውታል። ሰዓቱን ተቀብሏል። የፍስክ ግን ‹አልገድፍም› አለ። እኔም አላስገድደውም፤ ጾሙ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። ከእርሻ ቤት ከሚገኘው ነገር በጾም ምን ላብላው? ጎረቤቶቼ ‹የዳጉሳ እንጀራ ስጪው፣ ስኳር የለውም› ይሉኛል፤ እውነት ነው? አራሽ ሰው እህል ቀንሶ ጉልበት ይኖረዋል? የአልሞንድ ዱቄትና የኮኮናት ዘይት ለምትሉኝ፣ እዚህ የለም። ባለን ነገር ምከሩኝ።

ነርሷ ከደብረ ማርቆስ፦

እህቴ፣ መለካትሽ በጣም ጥሩ ነው። ከምግቡ በፊት ግን ስለ መድኃኒቱ ልንገርሽ፤ ቶሎ መታረም ያለበት እሱ ነው።

ግሊቤንክላማይድ ሰውየው በላም አልበላም ቆሽቱን እየገፋ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ያስወጣል። እህሉ ቀንሶ ክኒኑ እንደድሮው ከቀጠለ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ያውም ፀሐይ ላይ፣ በሬ ጠምዶ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት ይርበዋል፣ ልቡ ይመታል። ሲብስ ግራ ይጋባል፣ እንደሰከረ ሰው ያወራል። ያኔ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ጤና ተቋም አሩጡት። ማሳ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር ይኑር። አብረውት የሚያርሱትም ይህን ይወቁ።

ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያወርድም። የክኒኑን መጠን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ። የለካችሁትን ቁጥር ከምግቡ ጋር ጽፋችሁ ጾሙ ሳይገባ ያዘዘላችሁ ዘንድ ሂዱ። ‹እህል ቀንሻለሁ› ብሎ አፍ አውጥቶ ይናገር። ካልነገራቸው አያውቁም። የንስሐ አባታችሁ ስለ ሰዓቱ ያሉት ትክክል ነው። ይህን ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አደጋ አለው።

ስለ ዳጉሳ የተነገረሽ ልክ አይደለም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው እሱ ነው። ዳጉሳም፣ በቆሎም፣ ገብስም ከ70 ግራም በላይ ናቸው። ዳጉሳ አሰሩ (ሆድ ፈጭቶ ስኳር የማያደርገው ክፍል) በዛ ስለሚል ወደ ደም የሚገባው ዘግየት ሊል ይችላል። ‹ስኳር የለውም› ማለት ግን አይደለም። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣሽ አንቺ ታውቂያለሽ። 700 ግራሙን ለዚያ አካፍዪውና አንዱ እንጀራ ምን እንደያዘ ታገኚዋለሽ። ማርም ‹ተፈጥሯዊ ነው› እየተባለ ለስኳር በሽተኛ ሲሰጥ አያለሁ። ከ100 ግራም ማር 80 ግራም በላዩ ስኳር ነው።

ሽሮን አትፍሪው። የባቄላ ዱቄት ከካርቦሃይድሬቱ ከፊሉ አሰር ነው። ለአንድ ሰው ወጥ የሚገባው ደግሞ ጥቂት ማንኪያ ነው። የሚጎዳው ሽሮውን ተከትሎ የሚገባው እንጀራ ነው፤ ራስሽ ለክተሽ አይተሽዋል።

ጉልበትን በተመለከተ፣ እህል በደንብ ሲቀነስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ሰውነት ውሃና ጨው ይለቃል፤ ራስ ያዞራል። ግፊት ከሌለበት ወጡ ጨው ይኑረው፣ ውሃም በደንብ ይጠጣ። ደግሞ እህልን ዜሮ ማድረግ አያስፈልግም። ሩቡ እንጀራ መልካም አድርጎለታል፤ እዚያው ላይ ቆዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እግሩን ያቃጥለዋል ካልሽ ነርቩ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቁስል ቢወጣበት ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ እግሩን ስታጥቢው በጣቶቹ መሀልና ውስጥ እግሩን በመብራት እዪ። ባዶ እግሩን እንዳያርስ።

የሜጫዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ባለፈው ሳምንት ማሳ ላይ ‹አላበኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ› ብሎኝ ነበር። እኔ የፀሐዩ ድካም መስሎኝ ጠላ ሰጠሁት። ሰኞ ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ስኳሩንም ዛሬውኑ ቋጥሬለታለሁ።

የቡሬው፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አባቶቻችን እንጀራና ጠላ እየጠጡ ስንት ጋሻ መሬት አርሰዋል። ስኳር የሚባል በሽታ አያውቁም ነበር። ገበሬን ከእህል መለየት ምን የሚሉት ነው? ችግሩ የፋብሪካው ዘይትና ስኳር ነው።

የዳንግላው፦

የቡሬው ወንድሜ፣ አባቶቻችን ይመረመሩ ነበር ወይ? ለማንኛውም ሴትየዋ በመለኪያ ያየችውን ነው የነገረችን። እኔ ወደ ጥያቄዋ ልግባ።

እህቴ፣ ሁሉን ዘረዘርሽ፣ ግብጦን ረሳሽው! የሜጫ ሰው ሆነሽ። እኛም እናንተም ዘንድ ግብጦ የአረቄ እህል፣ የድሃ መቆርጠሚያ ተደርጎ ነው የሚታየው። ለባለቤትሽ ግን ከጎተራው ውስጥ ከሱ የሚሻል እህል የለም። ከ100 ግራም ደረቅ ግብጦ 36 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከሥጋ አይተናነስም። ካርቦሃይድሬቱ 40 ግራም ገደማ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ አሰር ነው፤ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ጤፍና በቆሎ ስኳር የሚያንሩት በስታርቻቸው ነው። አባቴ ስኳር ስላለበት በጾም የምንይዘው በሱ ነው።

አሠራሩን ሳታውቂው አትቀሪም፣ ግን ለሌሎቹም ይሁን። መጀመሪያ ይታመሳል። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ስንት ቀን ነው ብትይኝ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ነው። አንዳንዱ በአምስት ቀን ይለቃል፣ አንዳንዱ ከሳምንትም ያልፋል። እቤት ከሆነ ውሃው ጠዋትና ማታ ይለወጣል። ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከታችም እያወጣሽ ቅመሺ። ትንሽ እንኳ ከመረረ መልሺው። ምሬቱ መርዝ ነው፤ ያዞራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ‹ጤና ነው› ተብሎ ሳይለቅ እንዳይበላ አደራ። የለቀቀው ግን በጣት ጫን ሲሉት ቆዳው ሾልኮ ይወጣል፤ ውስጡ ቢጫ፣ ጥርስ ላይ ኮሽ የሚል ነው። ጨው፣ ቃሪያና ሎሚ ካለሽ ሎሚ ጣል አድርጊበት። ምሳውን አንድ ሳህን እሱን ይዞ ከወጣ ማንም አይስቅበትም። ማሳ ላይ ግብጦ መቆርጠም ያለ ነገር ነው።

የኔ እናት ደግሞ የለቀቀውን አድርቃ ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አስፈጭታ ሽሮ ታደርገዋለች። ከባቄላው ጋር ትቀላቅለዋለች፤ ብቻውን ብዙ አይወፍርም።

ለእርሻውም ቢሆን ጥሩ ነው። የደከመ፣ አሲድ የበዛበት መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። መሬቱንም ናይትሮጅን ይመልስለታል። ስለሚመር ከብት አይነካውም፣ ጠባቂ አይፈልግም። ጤፍ እምቢ ያለሽ ቁራጭ ካለች እሷ ላይ ዝሪው።

ከቨርጂኒያ፦

እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ነው ስኳር የያዘኝ። እንጀራ በሳምንት አንዴ ብቻ እበላለሁ። አልሞንድ አትበሉኝ ስላልሽ፣ እዚህ የምሠራውን ግን እዚያ ባለሽ ነገር የሚሆነውን ብቻ ልጻፍልሽ።

ጥቅል ጎመን ታመርታላችሁ አይደል? የግንዱን ሥር በቢላ ቆፍረሽ አውጪና ጥቅሉን እንዳለ የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ንከሪው። ቅጠሉ ሳይቀደድ አንድ አንድ እያለ ይለቃል። ወፍራሙን አጥንት ከጀርባው ፋቂለት። ያ ቅጠል ወጥ ይሸከማል። ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ምስር መሀሉ አድርገሽ ስትጠቀልዪው ማሳ ድረስ ሳይፈስ ይደርሳል፣ በእጅም ይበላል። ማንኪያ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የተልባ ቂጣ ነው። የተፈጨ ተልባ ላይ ጨው ጨምረሽ የፈላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰስሽ ለውሺው። ራሱ ይያያዛል፣ እንቁላል አይፈልግም። ስስ አድርገሽ ምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት ጋግሪው። ተልባ ከ100 ግራም 29 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 27ቱ አሰር ነው። ሲበላው ግን ውሃ ይጠጣ፣ አለበለዚያ ሆዱን ያደርቀዋል። መጀመሪያም በትንሹ ይጀምር።

አቮካዶሽን ደግሞ ሁሉንም እንዳትሸጪው። እኛ እዚህ አንዱን በስንት ዶላር እየገዛን ነው። በጾም ቅቤውን የሚተካልሽ እሱ ነው፤ ጎመኑ ላይ ፈጭተሽ በጨውና በቃሪያ አድርጊበት።

የሜጫዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪም ቤት ደርሰን መጣን። ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ ቀነሱለት፤ ቁጥሩን እየጻፍን እንድንመለስም ነገሩን። የጻፍኩትን ደብተር ሲያዩ ነው የተቀበሉን። ገጠር ያላችሁ እህቶች፣ ስትለኩ ምን እንደበላ አብራችሁ ጻፉ። ‹ስኳሩ ከፍ ብሏል› ብቻ ብትዪ ማንም ሊረዳሽ አይችልም።

ለቡሬው ወንድሜ፦ አማቼ እንጀራና ጠላ ሲበሉ ሲጠጡ ኖረው በመጨረሻ እግራቸው ቆስሎ አልድን ብሎ ነው ያረፉት። ማንም ስኳር ነው አላለም፤ ማንም አልለካቸውም። አሁን የልጃቸውን እግር ማታ ማታ ሳጥብ እሳቸውን አስባለሁ። ከእህል አልለየሁትም። ልጆቼም እኔም እንበላለን፣ እሱም ሩቡን ይበላል። ባሌ የልጆቹን ሠርግ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

ጥቅል ጎመኑን ሞከርኩት። ሽሮውን ወፈር አድርጌ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አብዝቼ ጠቀለልኩለት። ማሳ ላይ ሲበላ አንዱ ባልንጀራው ‹እስቲ አቅምሰኝ› ብሎ ሁለት በላበት። የተልባው ቂጣ ግን የመጀመሪያው ምጣዱ ላይ ተጣበቀ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስኩት፣ ከዚያ በኋላ ቀና አለልኝ። ከበላ በኋላ ስንለካ 149 ነበር፤ በጾም እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም።

ግብጦውን ከገበያ ገዝቼ ቦዩ ዳር ዘፍዝፌዋለሁ። ገና ይመራል። ከቤታችን በላይ ያለችውን፣ ጤፍ ዘርተንባት አንድ ቁና የማትሰጥ ቁራጭ መሬት ለክረምት ለግብጦ ትቻታለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ‹ሰው ምን ይላል፣ አረቄ ልታወጪ ነው ይሉሻል› አለ። ይበሉ።

ስለ እንቁላሉ ብር ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩ፣ ልንገራችሁና የምታውቁ እረሙኝ። በሁዳዴ እንቁላልና ቅቤ ፈላጊ የለውም፤ ዋጋው ይወርዳል። በፋሲካ ዋዜማ ይሰቀላል። እስከ ዛሬ ቅቤውን በጾሙ መሀል ባገኘሁት ዋጋ ነበር የምሸጠው። ቅቤ እንደ እንቁላል ቶሎ አይበላሽም። ዘንድሮ አጠራቅሜ ለፋሲካ ገበያ አወጣዋለሁ። ዶሮዎቹም በጾሙ እንዲታቀፉ ላደርግ ነው፤ እንቁላሉን በርካሽ ከምሸጠው ጫጩት ይሁን። ያ ከተሳካልኝ ከፋሲካ በኋላ የጠዋቱን ሁለት እንቁላል ከልጆች ደብተር ሳልቀንስ አበላዋለሁ።

የዳንግላው ወንድሜ፣ የእናትህን የግብጦ ሽሮ ልሞክር ነው። ለአንድ ጣሳ ግብጦ ስንት ጣሳ ባቄላ ነው የምትጨምረው? ግብጦው ከመፈጨቱ በፊት ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል? ጠይቅልኝና ጻፍልኝ።